ቮልሴ ጠዋት ጠዋት ዳገት ላይ ለምን ትንፋሽ ያጥራታል?

የሱሉልታዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

የምነዳት እ.ኤ.አ. የ1967 ቮልስ ናት፤ ሞተሯ 1300፣ ካርቡራተሯ (አየርና ቤንዚን የሚደባልቀው) አንድ፣ ቀለሟ በአንድ ወቅት ነጭ የነበረ። የምኖረው ሱሉልታ፣ የምሠራው አዲሱ ገበያ ነው። ስለዚህ በሥራ ቀን ሁሉ ጠዋት ሜዳውን አቋርጬ፣ የእንጦጦን ትከሻ ወጥቼ ወደ ከተማው ቁልቁል እወርዳለሁ፤ ማታ ደግሞ ያንኑ መንገድ በተቃራኒው።

ችግሩ የጠዋቱ ነው። ሞተሩ ቁልፍ እንደነካሁት ይነሣል። ሜዳው ላይም ደኅና ትሄዳለች፤ በሦስተኛም በአራተኛም ማርሽ ቅሬታ የለባትም። ልክ ሜዳው አልቆ ዳገቱ ሊጀምር ሲል መንገጫገጭ ታመጣለች። ጋዝ ስጨምር ትሰምጣለች፤ ስቀንስ ልትጠፋ ትቃረባለች። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ላስገድዳት ስሞክር ትንሽ ታዝግምና ቀጥ ትላለች። ዳር አስይዛታለሁ። ከኋላዬ የነበረው ሲኖትራክ ክላክሱን እያስጮኸ ያልፋል፤ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ልምምድ ላይ ያሉት አትሌቶች በሩጫ ያልፉኛል። አንዱማ ዞር ብሎ «አይዞሽ» ብሎኝ ነው የሄደው።

የሚገርመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ጥቂት ደቂቃ ቁጭ ብዬ ቁልፉን ስጠመዝዝ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሥታ ዳገቱን ትወጣዋለች። ማታ ስመለስ ደግሞ ከአዲሱ ገበያ ጀምሮ ያለውን ዳገት፣ ከጠዋቱ የሚብሰውን ማለቴ ነው፣ አንድም ቀን እምቢ ብላኝ አታውቅም።

እስካሁን ካንዴላ ተቀይሯል፣ ፑንቲና (የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረው) ተቀይሯል፣ የቤንዚን ማጣሪያ ተቀይሯል፣ የቤንዚን ፓምፑም ተፈትሿል። በመጨረሻ የወሰድኳት ጋራዥ ያለው መካኒክ ለአፍታ አስነሥቶ ጆሮውን አስጠጋና «ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ጨርሷል፤ ሞተሩ ይውረድና ይታደስ» አለኝ። ኮምፕሬሽኑን (የሲሊንደሮቹን ግፊት) ለክቶ እንደሆነ ስጠይቀው «እኔ የምለካው በጆሮዬ ነው» አለ። ዋጋውን ሲነግረኝ የጆሮው ውድነት ገባኝ።

ሁለት ነገር ንገሩኝ። አንደኛ፣ ያለቀ ሞተር ጠዋት አልቆ ማታ ይታደሳል ወይ? ሁለተኛ፣ ያየኝ ሁሉ «ከፍታው ነው፤ አየሩ ሳስቶ ነው» ይለኛል። ከፍታው ከጥፋቱ ምን ያህሉን ይወስዳል? «ሽጫትና ቪትዝ ግዢ» የምትሉኝን አስቀድሜ አመሰግናለሁ፤ አልሸጥም።

ዲኤክስ ሰበታ

ራዲያተሩን አይተሽዋል? የእኔ ዲኤክስ እንደዚህ ስትሆን ውኃ ጎድሎባት ነበር።

የሱሉልታዋ

ወንድሜ፣ ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። መንገድ ላይ ሊረዱኝ የሚቆሙት ሰዎችም የፊቱን ኮፈን ከፍተው መለዋወጫ ጎማ ሲያገኙ ይደነግጣሉ። ስለ ቅን ልብህ ግን ተባረክ።

ባለ ሁለት ምት

እህት ዓለም፣ ስለ ሁለተኛው ጥያቄሽ እኔ ልናገር። ቮልስ ባይኖረኝም ካርቡራተር ያለው ነገር ሁሉ ዘመድ ነው። የምነዳው ያማሃ ዲቲ 125 ነው፤ ድሮ የልማት ሠራተኞች ገጠር ለገጠር ይዘውት ይዞሩ የነበረው ዓይነት። ቤቴ ቡራዩ ነው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ከገደበች ወዲህ ፊቴን ወደ ገፈርሳና ወደ ሆለታ አዙሬያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የእንጦጦ አናት ከ3,000 ይበልጣል። አዲስ አበባ ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ እንጦጦ አናት ላይ ጉድለቱ ወደ ሩብ ይጠጋል። ሞተሩ በአንድ ምት የሚስበው አየር በይዘት አይቀንስም፤ ውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን ያንሳል። ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። የአንቺ 1300 ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ 40 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ሱሉልታ ላይ 30 ገደማ ነው የሚቀርለት። ሲኖትራኩ ክላክስ የሚያደርግብሽ በከንቱ አይደለም።

ጣጣው በዚህ አያበቃም። ካርቡራተሩ አየሩ መሳሳቱን አያውቅምና ቤንዚኑን በፋብሪካው ልክ መስጠቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። ምስክሩ ካንዴላው ነው፤ ነቅለሽ ስታይው ጫፉ ፈካ ያለ ቡናማ መሆን ሲገባው ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ታገኚዋለሽ። በሁለት ምት ሞተር ላይ ደግሞ ጥላሸቱ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ካንዴላውን ጨርሶ ይገድለዋል። እኔ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን መርፌ አንድ እርከን ዝቅ ካደረግኋት ወዲህ መለዋወጫ ካንዴላ በኪሴ ይዤ መዞር ትቻለሁ፤ የሞተሩም ድምፅ ጠርቷል።

ግን አንድ ነገር ልብ በይ። እዚህ ያስተካከልሽውን ይዘሽ ቆላ ከወረድሽ ነገሩ ይገለበጣል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ የሚወርደው መንገድ ከ2,500 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ወደ 1,000 ይጠጋል። ታች ያለው አየር ወፍራም ነው፤ ለደጋ የተቀነሰው ቤንዚን አይበቃውም፤ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። በሁለት ምት ላይ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለ። ቅባቱ የሚመጣው ጋዙን ተከትሎ ነውና ረጅም ቁልቁለት ላይ ጋዝ ዘግቶ መንከባለል ፒስተኑን ያለ ቅባት ያስቀረዋል። ሙቀቱ ሲጨመርበት ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ይቀራል፤ የኋላው ጎማ እንደ መቆለፍ ሲል ፍሪሲዮኑን ወዲያው ያልያዘ ሰው መሬት ላይ ነው። የቆዩ ሞተረኞች ዓባይን ሲወርዱ በየመሐሉ ጋዙን ጠቅ ጠቅ የሚያደርጉት ለዚህ ነው፤ የማያውቅ ሰው ሲሰማ ጉራ ይመስለዋል።

ወደ አንቺ ስመለስ፣ የሚበጅሽ የካርቡራተሩን ዋና ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) አነስ ባለ መቀየር ነው ባይ ነኝ።

ጋሽ ፑንቲና

ልጄ፣ ሁሉንም አነበብኩ። ባለ ሁለት ምት የተናገረው ትክክል ነው፤ ለአንቺ በሽታ ግን መድኃኒት አይደለም። እንጦጦ ጠዋትም ማታም ቁመቱ ያው ነው። ጥፋቱ የከፍታ ቢሆን ኖሮ የማታው ዳገት ላይ ገና ሳይመሽ ያስቆምሽ ነበር። ፋሻም እንዲሁ ነው። ፋሻው ያለቀ ሞተር ዘይት ይበላል፣ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፣ ቀኑን ሙሉ ይደክማል፤ ሰዓት መርጦ አይታመምም። ኮምፕሬሽን ሳይለካ ሞተር ይውረድ የሚል መካኒክ ካጋጠመሽ ቁልፍሽን ተቀብለሽ ውጪ።

አሁን የምጠይቅሽን መልሺልኝ።

ነገሩ የጀመረው መቼ ነው? ባለፈው ታኅሣሥ፣ ሜዳው አመዳይ ለብሶ በሚያድርበት ጊዜ፣ እንዲህ አድርጋሽ ነበር ወይ?

በሚቀጥለው ጊዜ ስትቆምብሽ ቁጭ ብለሽ አትጠብቂ። ወዲያው ውረጂና የኋላውን ኮፈን ክፈቺ። ካርቡራተሩ የተቀመጠበትን የብረት አንገት ተመልከቺ፤ በጣትሽም ንኪው። ያየሽውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊልኝ።

ከዚያ አንገት ሥር፣ ከዋናው ቱቦ ጋር ተጣብቆ ግራና ቀኝ ወደ ማርሚታው (ጭስ ማውጫው) የሚወርድ ቀጭን ቱቦ አለ። ሞተሩ ጥቂት ከሠራ በኋላ ሁለቱም ጫፎች የሚፋጁ መሆን አለባቸው። በእጅሽ አትያዢው፤ ውኃ ጠብ አድርጊበት።

የአየር ማጣሪያው አፍ ላይ በራሷ ክብደት የምትዘጋና የምትከፈት ክዳን መኖር አለባት። አለች? ሞቅ ያለ አየር ከሞተሩ ሥር የሚያመጣላት ቱቦስ አለ?

የምጠረጥረውን አሁን አልነግርሽም፤ ከነገርኩሽ እሱኑ ታያለሽ። እስከዚያው ያቺን ሞተር ማንም እንዳያወርዳት።

ኤሌክትሪክ ለገጣፎ

ጋሽ ፑንቲና መልሱን ደብቀው እስኪመለሱ ድረስ እኔ ትንሽ ላናድዳችሁ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ እኔ ኤሌክትሪክ ይዣለሁ። አየር አትስብም፣ ቤንዚን አትለካም፣ መርፌ የላትም። ስለዚህ እንጦጦ ላይም ሆነ ጅቡቲ ወደብ ላይ ጉልበቷ ያው ነው። ለገጣፎን ወጥቼ ወደ ሰንዳፋ ስሄድ የድሮ ጓደኞቼን ሁሉ ዳገት ላይ እየተሰናበትኩ ነው የማልፋቸው።

ግን ከፍታ እኛንም ፈጽሞ አልተወንም። እናንተ ሱሉልታና እንጦጦ የምታድሩ ሰዎች ወደፊት ኤሌክትሪክ ከገዛችሁ ባትሪውን ጢም አድርጋችሁ ሞልታችሁ ጠዋት ቁልቁል አትውረዱ። ሌላ ጊዜ እግራችሁን ከፔዳሉ ስታነሡ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናዋን ይይዛታል፤ ያመነጨውንም ወደ ባትሪው ይመልሳል። ሞልቶ የተረፈው ባትሪ ግን የሚመለሰውን የሚያኖርበት ቦታ የለውም፤ ያ መያዝ ይቀርና ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ትንሽ አጉድሎ ማደር ነው፤ ቁልቁለቱ ራሱ ይሞላዋል። ብርድም ርቀቱን ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋ ስለሚሆነው ነገር ዛሬ አልናገርም።

ባለ ሁለት ምት

መብራት ሲጠፋማ እኔ ጀሪካን ይዤ እመጣልሃለሁ፤ ምን እንደምታደርግበት ግን አንተ ታውቃለህ።

የሱሉልታዋ

ጋሼ፣ እንዳዘዙኝ አድርጌያለሁ።

ባለፈው ታኅሣሥ ይህ ነገር አልነበረም። መስታወቱ ላይ ያደረውን አመዳይ እየፋቅኩ ነበር የምነሣው፤ መኪናዋ ግን ዝንፍ አላለችም። የጀመረው ክረምቱ ሲገባ ነው። አሁን ሳስበው ደግሞ የሚብሰው ጭጋጉ ሜዳው ላይ የተኛ ጠዋት ነው፤ ፀሐይ ብልጭ ያለችበት ጠዋት ያለ ችግር የወጣሁባቸው ቀኖች አሉ።

ዛሬ እንደ ልማዷ ዳገቱ ሥር ቆመች። ወርጄ ከፈትኩ። አንገቱ ነጭ ሆኗል። መጀመሪያ አቧራ መስሎኝ በጣቴ ጠረግኩት፤ በረዶ ነው! ስስ ነው፣ ሸካራ ነው፣ በጥፍሬ ስፍቀው መስመር አወጣ። ቀዝቃዛነቱ ጣት ያደነዝዛል። አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ማርሚታው ይፋጃል፤ እዚህ በረዶ። እያየሁት ከሥሩ በኩል መቅለጥ ጀመረ፤ ነጩ እየጠበበ ወደ ላይ ሸሸ፣ ከዚያ ጠብ፣ ጠብ አለና ብረቱ እርጥብ ሆኖ ቀረ። ቁልፉን ጠመዘዝኩ፤ ተነሣች።

ማታ ቤት ስደርስ ሞተሩን ሳላጠፋ ውኃ ጠብ አደረግኩ። በቀኝ በኩል ገና ሲነካው ጭስ ሆኖ ተነነ። በግራ በኩል ዝም ብሎ ቁልቁል ፈሰሰ።

ክዳኗ አለች፤ ግን አንድ ሰው በሽቦ አስሮ ከፍቷታል። ቱቦ የሚባል የለም፤ ቱቦው የሚገባበት አፍ ብቻ ነው ያለው። አሁን ይንገሩኝ።

ጋሽ ፑንቲና

አየሽ፣ ሞተርሽ ጤነኛ ነው። ካርቡራተርሽ ግን በረዶ ይሠራል።

ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይነጥቃል፤ እጅሽ ላይ ሲፈስ የሚያቀዘቅዝሽ ለዚህ ነው። ካርቡራተሩ ውስጥ በየደቂቃው ብዙ ቤንዚን ይተናል፤ ስለዚህ አንገቱ ውጭ ካለው አየር በብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዛል። አየሩ ደረቅ ከሆነ ምንም አይመጣም። ታኅሣሥ ላይ ብርዱ ቢከፋም እርጥበት ስለሌለ አልነካሽም። ሐምሌና ነሐሴ ግን የሱሉልታ ጠዋት ጭጋግ ነው፤ ብርዱ መጠነኛ፣ እርጥበቱ ሙሉ። በረዶ ለመሥራት ከዚህ የተመቸ አየር የለም። እርጥበቱ ከውስጥም ከውጭም ብረቱ ላይ ይረጋል፤ የውስጡ የአየሩን መንገድ ያጠብበታል፣ ሞተሩም ይታፈናል። ስትቆሚ የሞተሩ ሙቀት ወደ ላይ ወጥቶ በረዶውን ያቀልጠዋል፤ እሷም ትነሣለች። ማታ አየሩ ሞቅ ያለ ነው፤ ሞተሩም ከከተማው ሲወጣ በዳገት ይጀምራልና ቶሎ ይግላል። የጠዋቱ ሜዳ ግን ጋዙ ግማሽ ክፍት ሆኖ ረጅም ጊዜ የሚነዳበት ነው፤ በረዶው የሚሠራው እዚያ ነው፤ ዳገቱ ያሳብቅበታል እንጂ።

የቮልስ መሐንዲሶች ይህን ያውቁት ነበር። ያ ቀጭን ቱቦ ከጭስ ማውጫው ትኩስ ጋዝ እየወሰደ ከካርቡራተሩ አንገት ሥር የሚያሳልፍ ነው፤ ሥራው ማሞቅ ብቻ ነው። ያ ክዳንና ያ ቱቦም ለዚሁ ነው። አንቺ ጋ አንዱ ተደፍኗል፣ ሌላው በሽቦ ታስሯል። ያሰረው ሰው «አፍሪካ ሙቅ ነው» ብሎ ይሆናል፤ ሱሉልታን በሐምሌ አላያትም።

የተደፈነው በካርቦን ነው፤ እንደ ጎጆ ጣሪያ ጥቀርሻ ተጋግሮ ጠንክሯል። በፈሳሽ አይወጣም። ማርሚታው ይወርዳል። ብሎኖቹ ዝገዋልና ቀደም ብለሽ ማታውን ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አጠጪያቸው፤ ቸኩለሽ ከጠመዘዝሽ ይበጠሳሉ። ከዚያ የቱቦው ሁለት ጫፍ ይገኛል። ቱቦው ስለሚታጠፍ ድርቅ ያለ ብረት አይገባበትም፤ የሚገባው የተገመደ የብረት ሽቦ ነው። የሽቦውን ጫፍ ፈትተሽ ትበትኚዋለሽ፣ ሌላውን ጫፍ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ላይ ታስሪዋለሽ፣ ከዚያ ከሁለቱም ወገን እያስገባሽ ቀስ እያልሽ ትፍቂዋለሽ። ከአንዱ ጫፍ ስትነፊ በሌላው በኩል አየር እስኪወጣ ድረስ አትተይው። አልሆን ካለ ቱቦው ከነአንገቱ ይወጣና በያጅ ቤት እስኪቀላ አግለው ኦክስጅን ይነፉበታል፤ ካርቦኑ ራሱ ነድዶ ያልቃል። የመጨረሻው አማራጭ ግን እሱ ነው። ሲገጠም ጓርኒሲዮኖቹ (በብረቶቹ መካከል የሚገቡት ማሸጊያዎች) አዲስ ይሁኑ።

አሁን ወደ ከፍታው። ባለ ሁለት ምት እንዳለው ጄቷን ማሳነስ ይጠቅምሻል፤ ግን መጀመሪያ ማሞቂያው ይከፈት። ጄቷ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የቀዳዳዋ ስፋት በመቶኛ ሚሊ ሜትር ነው፤ 125 ካለ 1.25 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ለእኛ አገር 120 ወይም 117.5 ይስማማታል። የወጣችውን አትጣዪ፤ አዳማ ወይም አዋሽ ስትወርጂ ትመለሳለች። ጄት በሽቦ የሚያጸዳ ሰው ካየሽ ከእጁ ቀሚው፤ ቀዳዳው ሰፍቶ ቁጥሩ ውሸት ይሆናል። የካንዴላውን እሳት አንድ ሁለት ዲግሪ ማስቀደምም ይቻላል፤ የሳሳ አየር ቀስ ብሎ ነው የሚነድደው።

ሳትጠይቂኝ አንድ ነገር ልጨምር፤ ቮልስ የሚነዱ ሰዎች ይህን ካልሰሙኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። በሌላ መኪና ቀዩ የባትሪ መብራት ሲበራ «ዲናሞው አልሞላም» ብሎ ቤት ድረስ መሄድ ይቻላል። በቮልስ አይቻልም። ማቀዝቀዣው ፋን የተገጠመው ዲናሞው ዘንግ ላይ ነው፤ ሁለቱንም የምታዞረው አንዲት ቺንጋ ናት። ቺንጋዋ ከተበጠሰች የምታይው ያንን ቀይ መብራት ብቻ ነው፤ የሙቀት መለኪያ የለሽም፣ የሚፈላ ውኃ የለሽም። ሞተሩ ዝም ብሎ ይቃጠላል። መብራቱ በበራበት ቦታ ትቆሚያለሽ፤ «እዚያ ዛፍ ጋ ልድረስ» የለም። ቺንጋዋን በአውራ ጣት ስትጫኛት አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ትርገብ። ከላላች ዲናሞው ላይ ያለው ፑሊ ለሁለት ይከፈላል፤ በመሐሉ ስስ የብረት ቀለበቶች አሉ። አንዱን አውጥተሽ ከውጭ በኩል፣ ከዳዶው ሥር ትደርቢዋለሽ፤ ፑሊው ይጠብቃል፣ ቺንጋዋ ወደ ላይ ትወጣለች። ቀለበት እንዳይጠፋ ነው ከውጭ የሚደረደረው። መለዋወጫ ቺንጋና የዳዶው ቁልፍ ከወንበሩ ሥር ይኑር።

ባለ ሁለት ምት

ጋሼ፣ እጄን አንሥቻለሁ፤ በከፍታ አሳብቤ ነበር የተነሣሁት። በቅጣት መልክ ያረጀ የፍሪሲዮን ሽቦ አለኝ፤ ከዲቲው የወጣ፣ የተገመደ፣ ጫፉ ራሱ በመተርተር ላይ ያለ። እህት ዓለም፣ መሰርሰሪያ ካለሽ ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ። በእንጦጦ ጀርባ ያለውን የጥርጊያ መንገድ ለመሞከር ሰበብ ስፈልግ ነበር።

የሱሉልታዋ

መሰርሰሪያ ከጎረቤት፣ ቡና ከእኔ። ና።

የሱሉልታዋ

ውጤቱን ላሳውቅ። ቅዳሜ ማርሚታው ወረደ፤ ዘይቱን ማታውን አጠጥቼው ስለነበር ብሎኖቹ አንዱ ብቻ ሲቀር ሁሉም በሰላም ወጡ። የተበጠሰውን በያጁ አወጣልን። ሽቦው በግራ በኩል አንድ ጣት ያህል ገብቶ እምቢ አለ። ባለ ሁለት ምት መሬት ላይ ተጋድሞ መሰርሰሪያውን ይዞ፣ እኔ ደግሞ ሽቦው እንዳይጠማዘዝ በጓንት አቅፌው፣ እየገባን እየወጣን ስንፍቅ ከሰዓት ሆነ። የሚወጣው ጥቁር ቅርፊት ነው፤ መጀመሪያ ዱቄት፣ ቀጥሎ እንደ ምስር ክክ የደቀቀ። በመጨረሻ በቀኝ በኩል ስነፋ በግራ በኩል የነበረው የባለ ሁለት ምት ፊት ጠቆረ። መከፈቱን ያወቅነው በዚያ ነው።

ጓርኒሲዮኖቹን ሶማሌ ተራ አገኘኋቸው። ክዳኗን ከሽቦዋ ፈታኋት። ከዚያ ወዲህ ጭጋጉ ከመኪናዋ አፍንጫ በላይ በማያሳይበት ጠዋት ሁሉ ሳትቆም ወጥታለች። ለማረጋገጥ ያህል አናቱ ላይ ቆሜ ከፍቼ አየሁት፤ አንገቱ ለብ ብሏል፣ ደረቅ ነው። ያ ባለ ጆሮ መካኒክ ጋ ሄጄ ልነግረው አስቤ ነበር፤ ለጆሮው አስከፍሎኝ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

አንድ ነገር ግን አላገኘሁም። ወደ አየር ማጣሪያው ሞቅ ያለ አየር የሚያመጣው ቱቦ ሶማሌ ተራም የለም። አንዱ ነጋዴ የውኃ ላስቲክ ቆርጦ ሊሰጠኝ ፈልጎ ነበር። ልውሰደው ወይ?

ጋሽ ፑንቲና

ላስቲኩን አትውሰጂ፤ ከሞተሩ ጋር ሲነካካ ይቀልጣል፣ ከዚያ ደግሞ ሽታውን ለማጥፋት ሌላ ጥያቄ ትጽፊልናለሽ። የሚሆነው የሚተጣጠፍ የአሉሚኒየም ቱቦ ነው፤ ለአየር ማስወጫ የሚሸጠው ዓይነት። የማጣሪያውን አፍ ስፋት ለክተሽ ሂጂ፣ በማሰሪያ ቀለበት አጥብቂው። ለምርጫ አትቸገሪም፤ የዚህች መኪና ሞዴል ሜክሲኮ ፑዌብላ ውስጥ እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ሲመረት ቆይቷል፤ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ዋናው ቱቦ ራሱ ካስፈለገሽ ውጭ አገር ዛሬም ይሸጣል፤ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ ሻንጣው ውስጥ ቦታ አይወስድም።

ማርሚታውን ካወረዳችሁ በኋላ ቫልቮላዎቹን አያችኋቸው? እንዳላያችኋቸው እገምታለሁ። ማታ አቁመሻት አድራ፣ ሞተሩ ፈጽሞ በቀዘቀዘበት ጠዋት፣ ክፍተታቸውን 0.15 ሚሊ ሜትር አድርጊ። የሦስተኛውን ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቮላ ደጋግመሽ እዪው። በአንቺ ሞዴል የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው ወደ እሱ በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል፣ መጀመሪያ የሚቃጠለውም እሱ ነው። ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ወደ ሌላ ቦታ ያዛወረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ የአንቺዋ ቀድማ ተወልዳለች። መለኪያው ከሌለሽ ሰበታ ብቅ በይ፤ እኔ ጋ አለ።